ከ52 ሜትር ሲወጡ የት ይቆማል? የቴክኒክ ጠላቂ ኮምፒዩተር ምርጫና አንድ የባሕር ኃይል ሙከራ

ፓናማ ሲቲ፣ ፍሎሪዳ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የዳይቪንግ ሙከራ ክፍል ያለው እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ግዙፍ የብረት ጋን አለ። ውሃ ይሞላበታል፣ ይከደናል፣ ከዚያ ግፊቱ ወደተፈለገው ጥልቀት ከፍ ይደረጋል። ባሕር ሳይሄዱ ባሕር ውስጥ መግባት ማለት ነው።

ጋኑ ውስጥ ሰዎች አሉ። ቁምጣና ካናቴራ ለብሰዋል። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል አጥልቀዋል፤ አየር በቱቦ ይመጣላቸዋል። በ52 ሜትር ጥልቀት ግፊት ውስጥ ሆነው፣ ቦታው ላይ የተተከለ ብስክሌት ይረግጣሉ። 30 ደቂቃው ሲሞላ ፔዳሉ ይቆምና መውጣት ይጀመራል። መውጣቱ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ የለም፤ አርፎ መጠበቅ ብቻ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው። ግን ለብ ያለ ውሃም ቢሆን፣ ሦስት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩበት ያንዘፈዝፋል።

ሰዎቹ በፈቃዳቸው የገቡ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ናቸው። የሚፈተነው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከጥልቅ ሲወጡ በየመንገዱ መቆም ግድ ነው። ታዲያ ያ የመቆሚያ ጊዜ ወደ ታች ቢበዛ ይሻላል ወይስ ወደ ላይ?

ይህን ሙከራ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዱባይ ይሠራል። ዕረፍት ሲያገኝ ፉጃይራ ሄዶ ይጠልቃል። አሁን የቴክኒክ ዳይቪንግ ኮርስ፣ ማለትም ሲወጡ በየመንገዱ መቆም ግድ የሚሆንበትን ጥልቅ ጠለቃ ሊማር ግብፅ፣ ዳሃብ ሊሄድ ነው። ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እጅ ላይ የሚታሰር የሦስት የዳይቪንግ ኮምፒዩተር ፎቶ ልኬልሃለሁ። የቱን ልግዛ?»

ፎቶዎቹን አየኋቸው። አንዱ ስክሪኑ ሰፊ ነው። አንዱ የእጅ ሰዓት ይመስላል፤ ቢሮም ይታሰራል። ሦስተኛው ዋጋው ደህና ነው። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ስክሪን፣ ስለ ባትሪና ስለ ዋጋ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው ሒሳብ። ያ ሒሳብ የት ቁም ይልሃል? ካልተስማማህስ ልትቀይረው ትችላለህ? ለቴክኒክ ጠላቂ የኮምፒዩተር ምርጫ መጀመር ያለበት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ላስረዳው ስል ነው ስለ ብረቱ ጋን ያወራሁለት።

የአምቦ ውሃው ጠርሙስ

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚያሰላ እንስማማ።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተዘግቶ ሳለ ጋዙ አይታይም። ውሃው ውስጥ ሟሙቷል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይወርድና ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቀስ ብለው ከከፈቱት ትስ እያለ ይተነፍሳል። በአንዴ ከከፈቱት ገንፍሎ ጠረጴዛውን ያረጥበዋል።

ጠላቂም እንደዚያው ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። 52 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል በላይ ካለው ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። የሚተነፍሰው ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ እየሟሟ ይገባል። ቀስ ብሎ ከወጣ ጋዙ በሳንባ በኩል በሰላም ይወጣል። ከቸኮለ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ከባሰ ደግሞ አከርካሪና አንጎል ይነካል። ጠላቂዎች ቤንድስ የሚሉት ሕመም ይሄ ነው።

ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ችግር ቢገጥመው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ቴክኒክ ጠላቂ ይህ ዕድል የለውም። በላዩ ላይ የማይታይ ጣሪያ አለ። ጣሪያው የት ጋ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሣ የሚነግረው እጁ ላይ ያሰረው ኮምፒዩተር ነው። ለዚህ ነው ምርጫው እንደ ስልክ ምርጫ የማይታየው።

የሒሳቡ መነሻ ሩቅ ነው። እንግሊዝ አገር ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፍየሎችን ግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባ ሞከረና በ1908 የመጀመሪያዎቹን ሳይንሳዊ የመውጫ ሰንጠረዦች አሳተመ። ዋናው ሐሳቡ አሁንም ይሠራበታል። ሰውነት ጋዝ የሚቀበልበትና የሚለቅበት ፍጥነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደም የሚበዛበት አካል ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይለቃል። ደም የሚያንስበት ዘግይቶ ይሞላል፣ ዘግይቶ ይለቃል።

ምስርና ባቄላ አንድ ላይ እንደ መዘፍዘፍ ነው። ምስሩ ቶሎ ውሃውን ይጠጣል። ባቄላው ሌሊቱን ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ዘፍዝፈህ ማታ ብታየው ምስሩ ጠግቧል፤ ባቄላው ገና እየጠጣ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዙሪክ የነበረው አልበርት ቡልማን ይህን ሐሳብ አስፋፋው። ዛሬ ብዙ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሞዴሉ ሰውነትን በ16 የሐሳብ ክፍሎች ይከፍለዋል። ፈጣኑ በጥቂት ደቂቃ ግማሽ ይሞላል። ዘገምተኛው 635 ደቂቃ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሊታገሥ የሚችለው የጋዝ ጫና ገደብ ተቀምጦለታል። ኮምፒዩተሩ ከሴኮንድ ሴኮንድ 16ቱንም ይከታተላል። የትኛውም ገደቡን እንዳያልፍ እየተመለከተ «እዚህ ቁም»፣ «አሁን ውጣ» ይላል።

ጥልቅ ማቆሚያ እንዴት ፋሽን ሆነ

የሃዋዩ የዓሣ ተመራማሪ ሪቻርድ ፓይል ከጥልቅ ውሃ ዓሣ በሕይወት እየያዘ ያወጣ ነበር። ዓሣ ውስጡ የአየር ከረጢት አለው። ወደ ላይ ሲያወጡት ከረጢቱ ይነፋና ዓሣውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ፓይል መንገድ ላይ፣ ገና ጥልቅ ውሃ ውስጥ እያለ ይቆምና በመርፌ ያስተነፍስለታል። ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ። ዓሣ ይዞ በወጣባቸው ቀናት ድካሙ ያንሳል። ባዶ እጁን በወጣባቸው ቀናት ይዝላል። ልዩነቱ ያ ጥልቀት ላይ የሚያደርገው አጭር ማቆም እንደሆነ ገመተ።

አስተውሎቱ ቅን ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል። በ1990ዎቹ በቴክኒክ ጠላቂዎች ዘንድ ተስፋፋ። በዚያው ዘመን ደግሞ የአረፋ ሞዴሎች መጡ። ከመነሻቸው አንዱ እዚያው ሃዋይ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ዩንት ጄላቲን ውስጥ በሚፈጠሩ አረፋዎች ላይ ያደረገው ጥናት ነው። የሞዴሎቹ ሐሳብ እንዲህ ነው። ጥቃቅን የአረፋ ዘሮች ሰውነት ውስጥ ሁልጊዜ አሉ። ገና ጥልቀት ላይ እያለን ከቆምን አያድጉም። ስለዚህ ታች ቁም፣ ላይ ያለውን ጊዜ አሳጥር።

ሲሰሙት ያሳምናል። እኔንም አሳምኖኝ ነበር። ኮምፒዩተር አምራቾችም «ጥልቅ ማቆሚያ አለው» እያሉ እንደ ተጨማሪ ጥቅም ያስተዋውቁት ጀመር። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ማቆሚያችንን ዝቅ ባደረግን ቁጥር የተጠነቀቅን ይመስለን ነበር። ግን ይህን በሰው ላይ፣ በበቂ ቁጥር፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ የፈተነው ሰው አልነበረም።

174 ደቂቃ

ባሕር ኃይሉ ይህን ማወቅ ፈለገ። የራሱን የመውጫ ስሌት ወደ ጥልቅ ማቆሚያ ይቀይር ወይስ አይቀይር? መልሱ የብዙ ጠላቂ ሥራና ጤና ይነካል። ሙከራውን የመሩት ዴቪድ ዱሌት፣ ዌይን ገርዝና ኪት ጎልት ናቸው። ሪፖርታቸው በ2011 ወጣ። ዱሌት የሳይንስ ሰው ብቻ አይደለም፤ ራሱም ዋሻ ውስጥ የሚገባ ቴክኒክ ጠላቂ ነው። ይህ ለእኔ ትርጉም አለው። ጥያቄው የራሱም ጥያቄ ነበር።

የሙከራው ውበት ቀላልነቱ ላይ ነው። ሁለት የመውጫ መርሐ ግብር ተዘጋጀ። ታች ያለው ሥራ አንድ ነው፤ 170 ጫማ (52 ሜትር)፣ 30 ደቂቃ፣ አየር። ጠቅላላ የማቆሚያ ጊዜውም አንድ ነው፤ 174 ደቂቃ። የሚለየው 174ቱ ደቂቃ የት እንደሚውል ብቻ ነው።

አንደኛው መርሐ ግብር ጠላቂውን እስከ 12 ሜትር ሳያስቆም ያመጣዋል። እዚያ 9 ደቂቃ ያቆመዋል። 9 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ፣ 6 ሜትር ላይ 52 ደቂቃ፣ 3 ሜትር ላይ 93 ደቂቃ።

ሁለተኛው ገና 21 ሜትር ላይ ያስቆመዋል። እዚያ 12 ደቂቃ። 18 ሜትር ላይ 17፣ 15 ሜትር ላይ 15፣ 12 ሜትር ላይ 18፣ 9 ሜትር ላይ 23፣ 6 ሜትር ላይ 17፣ 3 ሜትር ላይ 72።

እስክሪብቶ ይዛችሁ ደምሩት። እኔ ለእህቴ ልጅ በስልክ ያስደመርኩት ይህን ነው። ከ12 ሜትር ጀምሮ ወደ ታች ያለው ጊዜ በአንደኛው 9 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 62 ደቂቃ ነው። 6 እና 3 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ 145 እና 89። ማለትም ከላይኞቹ ሁለት ማቆሚያዎች 56 ደቂቃ ተነሥቶ ወደ ታች ወርዷል።

የአረፋ ሞዴሉ ሁለተኛው ይሻላል ብሎ ነበር። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ጥልቅ ማቆሚያው 198 ጊዜ ተሞክሮ 11 ሰው ታመመ። ጥልቀት የሌለው 192 ጊዜ ተሞክሮ 3 ሰው ታመመ። አንዱ ወደ 5.6 በመቶ፣ ሌላው ወደ 1.6 በመቶ ነው። ከውሃ ከወጡ በኋላ በልባቸው የሚያልፈው አረፋ ሲታይም ጥልቅ ማቆሚያ ያደረጉት ላይ ይበዛ ነበር። ሙከራው ገና ብዙ ሊቀጥል ታቅዶ ነበር። መሃል ላይ ውጤቱ ሲገመገም ልዩነቱ ስለታየ እዚያው ተቋረጠ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ወደ ምስሩና ባቄላው እንመለስ። 21 ሜትር ላይ የቆመው ሰው ምስሩን ጠብቋል። ፈጣኑ የሰውነቱ ክፍል ጋዙን ቀስ እያለ ለቋል። ባቄላው ግን ገና አልጠገበም ነበር። 21 ሜትር ላይ፣ 18 ሜትር ላይ፣ 15 ሜትር ላይ ሰውየው «እያረፍኩ ነው» ሲል ባቄላው መጠጣቱን ቀጥሏል። ላይ ሲደርስ ከሌላው የበለጠ ጋዝ ይዟል። ያንን ጋዝ የሚያስወጣበት ጊዜ ደግሞ ታች ላይ ወጪ ሆኗል።

ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ታች መቆም ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን ታች መቆም ማለት ተጨማሪ ጊዜ ታች መቆየት ማለትም ነው።

በሙከራው ላይ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። «ማን ነው 52 ሜትር በአየር ወርዶ በአየር የሚወጣው?» ይላሉ። ቴክኒክ ጠላቂ ታች ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ ይተነፍሳል፤ ሲወጣ ኦክስጅን የበዛበት ታንክ ይቀይራል። የተሞከረው መርሐ ግብርም ጠላቂዎች ከሚጠቀሙባቸው የአረፋ ፕሮግራሞች የትኛውንም በትክክል አይመስልም። ይህ ልክ ነው። ለእኔ ግን ክብደት ያለው ነገር ምክንያቱ ነው። ዘገምተኛው ክፍል ታች ላይ መሙላቱን መቀጠሉ ጋዝ ስለተቀየረ አይቀርም። መጠኑ ሊለያይ ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ፓይልም የጻፈው የራሱን ድካም ነው። ድካም አንድ ማስረጃ ነው፤ 390 ጊዜ ተለክቶ የተጠለቀ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ነው። ሁለቱን እኩል አላስቀምጣቸውም።

ወደ ሦስቱ ፎቶዎች

«እሺ ጋሼ፣ ይሄ ከኔ ኮምፒዩተር ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ።

በጣም ይገናኛል። ባሕር ኃይሉ በ174 ደቂቃ ያደረገውን ምርጫ፣ ኮምፒዩተሩ በሁለት ቁጥር ያደርግለታል። ቁጥሮቹ ግራዲየንት ፋክተር ይባላሉ፤ ጠላቂዎች በአጭሩ ጂኤፍ ይሏቸዋል። ያወጣቸው ኤሪክ ቤከር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የቡልማን ሞዴል ለእያንዳንዱ ክፍል ያስቀመጠውን ገደብ 100 እንበለው። ሁለተኛው ቁጥር፣ ላይኛው፣ ከውሃ ስትወጣ ከዚያ ገደብ ስንት በመቶ ድረስ እንደምትቀርብ ይወስናል። የመጀመሪያው ቁጥር፣ ታችኛው፣ የመጀመሪያ ማቆሚያህ የት እንደሚሆን ይወስናል። ታችኛው ቁጥር ባነሰ መጠን መጀመሪያ የምትቆመው ጥልቀት ይጨምራል።

አሁን 30/70 የሚለውን አስቡ። ለብዙ ዓመታት በቴክኒክ ጠላቂዎች ዘንድ የተለመደ ቁጥር ነው። ሰዎች «30፣ በጣም የተጠነቀቀ» እያሉ ይሞሉታል። 30ው ግን ጥልቅ ማቆሚያ ነው። ሜኑ ውስጥ ተሸሽጎ ስለተቀመጠ እንጂ ያው የ21 ሜትሩ ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ፎቶዎች በዚህ ዓይን አየናቸው።

ርካሹን ቶሎ ተውነው። አየርና ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) እንጂ ሂሊየም አያውቅም። የእህቴ ልጅ ኮርሱ ሲገፋ 50 ሜትር ላይ 21 በመቶ ኦክስጅንና 35 በመቶ ሂሊየም ይተነፍሳል። 21 ሜትር ላይ 50 በመቶ ኦክስጅን ወዳለው ታንክ ይቀይራል፤ 6 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ ንጹሕ ኦክስጅን። ይህን ሁሉ የማያውቅ ኮምፒዩተር የሚያሳየው ጣሪያ የሌላ ሰው ጣሪያ ነው። ሌላም ችግር አለው። ማቆሚያ ከተጣሰ በኋላ ራሱን ለአንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆልፋል። ለመዝናኛ ጠላቂ ይህ ጥበቃ ነው። ቴክኒክ ጠላቂ ግን ስሌቱን በጣም የሚፈልገው ነገር በተበላሸበት ሰዓት ነው።

ሰዓት የሚመስለው ከባድ ጥያቄ ነበር። ሂሊየም ያሰላል። ብዙ ታንክ ይይዛል። ቆንጆ ነው፤ ልጁም ወዶታል። ግን ቀመሩ የአምራቹ የራሱ ነው፤ አልተገለጠም። ጠላቂው መቀየር የሚችለው «ትንሽ ጥንቃቄ፣ መካከለኛ ጥንቃቄ፣ ብዙ ጥንቃቄ» የሚለውን ብቻ ነው። ብዙ ጥንቃቄ ስል ላይ ጊዜ ይጨምርልኛል ወይስ ታች? መመሪያው አይናገርም። ሰው እንዲህ ያለውን ለብሶ ለዓመታት በሰላም ሊጠልቅ ይችላል፤ ብዙዎችም ይጠልቃሉ። እኔ ግን ለቴክኒክ ተማሪ አልመክረውም። ተማሪ ለምን እዚያ እንደቆመ ማወቅ አለበት። የቆመበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ የጠፋ ዕለት ምን ያደርጋል?

ቀረ ሰፊ ስክሪን ያለው። ውስጡ ግልጽ የሆነው የቡልማን ሞዴል ነው። ሁለቱን ቁጥር በእጅህ ትሞላለህ። ይህን የሚሠሩ አምራቾች ዛሬ ጥቂት አይደሉም። የካናዳው ሺርወተር አለ፣ የጀርመኑ ሃይንሪክስ ቫይካምፕ አለ፣ የጋርሚን ዲሴንትም አለ። የትኛውም ቢሆን ሒሳቡ አንድ ቋንቋ ይናገራል። ዳሃብ የሚያገኘው አስተማሪ፣ አብሮት የሚጠልቀው ጓደኛ፣ ኮምፒዩተር ላይ ዕቅድ የሚሠራበት ፕሮግራም ሁሉ በዚያው ቋንቋ ይግባባሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ጠላቂ 50 ሜትር ላይ ሆነው አንዱ 21 ሜትር ላይ፣ ሌላው 12 ሜትር ላይ ልቁም ካለ ቡድን የለም።

የቀረው ጉዳይ አጭር ነው። ወፍራም ጓንት አድርገህ ቁልፉን መጫን ትችላለህ ወይ? ጭምብልህ ፊት ለፊት ደለል ቢነሣ ቁጥሩ ይነበባል ወይ? ባትሪው ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ ተራ ባትሪ ነው ወይስ ቻርጀር ካልተገኘ የሚያስቀር? የሞባይል ግንኙነት፣ ቀለም፣ ኮምፓስ፣ እነዚህ ሲኖሩ ደስ ይላል።

አንድ ነገር ግን ቆም ብዬ አሳየሁት። በዚህ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ «አሁን ብትወጣ» የሚል ቁጥር አለ፤ ሰርፌስ ጂኤፍ ይሉታል። 6 ሜትር ላይ ገመዱን ይዘህ ቆመሃል እንበል። ኦክስጅን እየተነፈስክ ነው። ቁጥሩ 124 ይላል። አሁን ብትወጣ ገደቡን አልፈሃል ማለት ነው። ትንፋሽህን ታዳምጣለህ። 123። ዓሣ ያልፋል፣ ጓደኛህ በጣቱ ደህና ነኝ ይልሃል። 119። በየደቂቃው ሰውነትህ ሲለቅ ዓይንህ እያየ ነው። 100ን ሲያልፍ፣ 90 ሲገባ፣ 80 ሲደርስ። እኔ ይህን ቁጥር ማየት ከጀመርኩ ወዲህ 6 ሜትር ላይ መጠበቅ አሰልችቶኝ አያውቅም። ላይኛው ማቆሚያ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም መምህር እንዲህ አላስረዳኝም።

«ታዲያ ስንት ልሙላ?»

ቁጥሩን ከአስተማሪህ ጋር ትወስናለህ አልኩት። ዕድሜ አለ፣ የሰውነት ሁኔታ አለ፣ የውሃ ቅዝቃዜ አለ፣ ከባሕሩ እስከ ሕክምና ግፊት ክፍል ያለው ርቀት አለ። እኔ የምነግርህ አቅጣጫውን ነው። ዱሌት ከዚያ ሙከራ በኋላ ስለ ራሱ ጽፏል። ታችኛውን ቁጥር የላይኛው 83 በመቶ ያህል ያደርገዋል። ላይኛው 85 ከሆነ ታችኛው 70 ገደማ ይመጣል። ሌሎች እዚያ ድረስ አልሄዱም፤ 50ን ይመርጣሉ። ወደ 30 የሚመለሰው ግን እያነሰ ሄዷል። ጥንቃቄ መጨመር ስትፈልግ የምትቀንሰው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። 85 የነበረውን 75 ብታደርገው 6 እና 3 ሜትር ላይ ጊዜ ይጨምርልሃል። ባሕር ኃይሉ ጋን ውስጥ የጠቀመው ጊዜ ያ ነው።

ሁለተኛ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያወጣህ ነው። ልጁ ሁለተኛውን ያንን ሰዓት የሚመስለውን ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ ሁለቱንም ላግኝ ብሎ። እንቢ አልኩት። ሁለቱ የተለያየ ሒሳብ ከሆኑ 40 ሜትር ላይ አንዱ «ቁም» ሌላው «ውጣ» ይሉሃል። የትኛውን ታምናለህ? ሁለተኛው ያገለገለም ይሁን፣ ሞዴሉ አሮጌም ይሁን፣ ሒሳቡ አንድ ይሁን፤ ቁጥሮቹም አንድ ይሁኑ። ከሁለቱም በተጨማሪ የመውጫ ሰንጠረዡን በእርሳስ ፕላስቲክ ላይ ጽፈህ ኪስህ ውስጥ ክተት። እርሳስ ባትሪ አይጨርስም።

ሰፊውን ገዛ። ያገለገለ ሁለተኛም አገኘ።

የመመለሻው በረራ

ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ ደወለ። ኮርሱን ጨርሶ በቀጥታ አዲስ አበባ፣ እናቱ ጋ ሊሄድ ቲኬት ይዟል። የመጨረሻው ዳይቭ ከሰዓት፣ በረራው በማግስቱ ጠዋት።

እዚህ ጋ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ልዩ ጉዳይ ነውና ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ከዳይቪንግ በኋላ ቶሎ መብረር የማይመከረው አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከባሕር ጠረፍ ስለሚያንስ ነው። ጠርሙሱ ሌላ ዙር ይከፈታል። የጠላቂዎች የደኅንነት ድርጅት ዳን ማቆሚያ ለሌለው አንድ ዳይቭ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመክራል። ማቆሚያ ላለው ዳይቭ ግን ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ ይላል። ልጁ የሚያደርገው ማቆሚያ ያለው ነው።

ብዙ አገር የሚያርፍ ሰው አውሮፕላኑ ሲወርድ ግፊቱ ይመለስለታል። አዲስ አበባ የሚያርፍ ሰው አይመለስለትም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በድሪምላይነር ወይም በኤ350 ቢመጣ ደግሞ የነዚህ አውሮፕላኖች የካቢን ግፊት ከፍታው 1,800 ሜትር እንደሆነ ያህል ነው። ስለዚህ ትንሹን ግፊት የሚያገኘው አየር ላይ ሳይሆን ቦሌ ወርዶ፣ በሩ ሲከፈት ነው። ከዚያ ደግሞ ለቀናት እዚያው ይኖራል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሻንጣ ይሸከማል። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው «አትብረር» የሚለው ሰዓት ቆጣሪ ይህን አያውቅም።

ቲኬቱን ሁለት ቀን አራዘመው። ቅር ብሎታል፤ ድምፁ ያስታውቅ ነበር።

«እሺ፣ ሁለቱን ቀን ደብረ ሲና እወጣለሁ። ቅድስት ካትሪን ገዳምንም እሳለማለሁ» አለኝ። ከዳሃብ መኪና እንዳለ፣ ሌሊት ተነሥተው ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ እንደሚደርሱ ነገረኝ።

የደብረ ሲና ጫፍ 2,285 ሜትር ነው። አዲስ አበባ መድረስ ማለት ነው፣ ያውም በእግር። ካልኩሌተር እንዲያወጣ ነግሬው ራሱ እንዲያየው ጠበቅሁት። ትንሽ ዝም አለ።

«ከመጀመሪያው ዳይቭ በፊት ልውጣው አይደል?»

አዎ አልኩት። መጀመሪያ ተሳለም፤ ከዚያ ውሃ ትገባለህ።